ኩርታኑን እንዳታወርዱ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የነፍስ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር «የቀረህ አለ ወይ?» ይሉኛል። እኔም የሻርኩትን ዓርብና የሰደብኩትን ጎረቤት ዘርዝሬ፣ ይህን ዋጥ አድርጌ፣ ተፈትቼ እወጣለሁ። ለእሳቸው የደበቅሁትን ለእናንተ መንገሬ ድፍረት ነው። ቢሆንም ስሙኝ።

በንጉሡ ዘመን፣ ጎልማሳ ሳለሁ፣ ወገዳ ላይ የሽርክና ነጋዴዎች አለቃ ነበርኩ። ምስርና ባቄላ በበቅሎ ጭነን በእስቴ በኩል ደብረ ታቦር እናደርሳለን። ገሚሱ ጉልበቱን፣ ገሚሱ በቅሎውን ያዋጣል። ባላቸው የሞተባቸው እትዬ ጥሩነሽ ያዋጡት አንዲት ዳማ በቅሎ ነበር። በእሷ ትርፍ የሚያርስላቸውን በሬ ይከራያሉ፣ የመሬታቸውን ግብር ይከፍላሉ። በቅሎዋ ከሌለች መሬቱም እንደሌለ አውቅ ነበር።

ሽርክናችን አንድ ልማድ ነበረው። ማደሪያ ስንደርስ ከጭነቱ ሥር የሚታሰረውን ኩርታን አውርደን የየበቅሎውን ጀርባ ሁላችንም እናያለን። ገጣባ የወጣባት በቅሎ፣ የማንም ትሁን የማን፣ ቁስሏ እስኪሽር አትጫንም። ጭነቷን የሌላው በቅሎ ይከፋፈለዋል።

በዚያ ዓመት የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ምስር ተወደደ። የጋይንት ነጋዴዎች ሳይቀድሙን ገበያውን መያዝ አማረኝ። «እስክንመለስ ኩርታኑን እንዳታወርዱ» ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ለሰው «ጊዜ እንዳይፈጅብን ነው» አልኩ። እውነቱ ምን ነበር? ጀርባው ካልታየ ቁስልም የለ፣ የሚያርፍም የለ።

ከሸሪኮቼ አንዱ፣ የወገዳው እስላም ነጋዴ እንድሪስ፣ ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ የምንነግደው ለዘንድሮ ብቻ ነው እንዴ? የከርሞውን ጭነት በራስህ ጀርባ ልትሸከመው ነው?» አለኝ። «የኛ ጾም ለአንተ ምንህ ነው!» ብዬ አሾፍኩበት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን በቅሎዎቹን ነድቶ ተለየን።

ቀደምን። ምስሩ በዚያው ቀን አለቀ። ሸሪኮቼ እንዲህ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል እያሉ አወደሱኝ፣ እኔም ልቤ አበጠ። ወገዳ ተመልሰንም ኩርታኑን ሳላስወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳርፍ ለሁለተኛው ጉዞ አስጫንኩ። መንገድ ላይ ከዳማዋ ኩርታን ሥር ሽታ መጣ። ምን እንደሆነ ገባኝ። መጫኛውን አጠበቅሁት።

ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለው ዳገት ላይ ተንበረከከች። ሌሎቹ ቀድመው ስለነበር ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ኩርታኑን ያን ጊዜ አወረድኩት፤ ቆዳዋ አብሮ ተነሣ። አጥንቷን አየሁት። ጭነቷን ወደ ራሴ መቀመጫ በቅሎ አዛውሬ ላነሣት ብሞክር አቃታት። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ቦታው ደግሞ የጅብ መንደር ነው። ትቻት ሄድኩ። በሕይወት እያለች፣ አንገቷን አቅንታ እያየችኝ፣ እኔ ትቻት ሄድኩ።

«ጭነት አራግፌ ሣር ላስግጣት ስል አመለጠችኝ፤ ጅብ በላት» አልኩ። ጅቡስ እውነት ነው። ለጅቡ ያቀረብኳት እኔ መሆኔን ነው የዋጥኩት። እትዬ ጥሩነሽ ግን ደረታቸውን ደቅተው ሲያበቁ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ተወው ልጄ፣ እንኳን በእሷ ሆነ! አንተን ቢበላህስ ኖሮ?»

በከርሞው የቀሩት በቅሎዎች ጀርባ ሁሉ ገጣባ ነበር። የሚጫን ጠፍቶ ሽርክናው ፈረሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ የምንለቅመውም አላገኘን። እንድሪስ ደህና ደህና በቅሎዎቹን ነድቶ በደጄ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል እንጂ አንድ ቀን አልወቀሰኝም።

እትዬ ጥሩነሽ መሬታቸውን ለቀው እኔ ቤት እህል ፈጪ ሆነው ገቡ። «ከእኔ ዘንድ ይቀመጡ» ያልኳቸው እኔው ነኝ። አገሩ ደግነቴን አወራ። ልነግራቸው ስንት ጊዜ ከወፍጮው አጠገብ ቆምኩ! ቀና ብለው «ምን ፈለግህ ልጄ?» ሲሉኝ «ሽሮው አለቀ ወይ?» ብዬ እመለሳለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሲሞቱ እኔ ቀበርኳቸው፣ ተዝካራቸውንም አወጣሁ። ለቀስተኛው በየተራ «እግዜር የሥራህን ይክፈልህ» ሲለኝ፣ ጎንበስ እያልኩ «አሜን» አልኩ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔም ሳልጠይቃቸው ቀበርኳቸው። እናንተም «ይፍታህ» አትበሉኝ።