ልጄ ስትወጣ የተዘጋው ጊታር

ሰው ሁሉ ስለ እኔ «እሱ አይቆጣም» ይላል። ዕድሜ ልኬን የቡና ጆንያ አፍ ስሰፋ ኖርኩ፤ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ አልጮህም ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ተቆጥቼ ነው። ይበርድልኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልበረደም።

ጊታር የተማርኩት በወጣትነቴ በቀበሌ ኪነት ነው። ትምህርቴ ብዙም አልገፋ፤ ኖታም አላነብ። ጓደኛዬ፣ የጅማው አወቱ መንደራ ሰፈር ልጅ፣ ያኔ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ አሁን ኪቦርድ ነው። እሱ መስጊድ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን፤ ሰርግ ሲሆን ግን አንድ ድንኳን ነን። ጅማም አጋሮም ሸቤም አብረን አርጅተናል።

የማስገባውን ዜማ የምመርጠው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጄን ክሩ ላይ አሳርፌ አዳምጣለሁ። ኪቦርዱ ኮርድ ሲይዝ ሦስት ድምፅ ባንዴ ይሰማል፤ መነሻው፣ መሀለኛው፣ ላይኛው። መሀለኛው ፈካ ካለ በትዝታ ሜጀር እገባለሁ። ከከፋው ትዝታ ማይነር ወይም ባቲ ማይነር አደርገዋለሁ። እነዚህ ሦስቱንም ድምፆች ስለያዙ ጣቴ የትም ቢያርፍ ብዙ ጠብ የለም። አንቺሆዬ ግን ሌላ ነው። ከሦስቱ መነሻውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሙሉ ኮርድ ከሥሩ ካነጠፉለት ድምፅ ከድምፅ ይፋጫል፤ ሰሚውም «ጊታሩ ጠፋበት» ይላል። ስለዚህ አንቺሆዬ ስጫወት ከሥሬ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይበቃኛል።

የመጨረሻ ልጄ ለሸቤ ልጅ ተዳረች። «አባዬ፣ ከቤት ስወጣ አንተ ነህ የምትጫወትልኝ» አለችኝ። በየትኛው ቅኝት ልሸኛት ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጓደኛዬ «ትዝታ ማይነር አድርገው፤ ኮርዱ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥልሃል» አለ። እምቢ አልኩ። ትዝታ ለሄደ ሰው ነው። ደፍ ላይ የቆመች ልጅ አልሄደችም፣ አልቀረችምም። ለእሷ የሚሆነው አንቺሆዬ ነው፤ ደስታና ቁጭት እየተገፋፉ የሚወጡበት።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ እኔ ቤት ስንለማመድ፣ «በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ድምፅ ብቻ ያዝልኝ፤ ባንድ ጣት» አልኩት።

«ለአንድ ጣትማ እኔን ምን ጠራኸኝ? የሰፈር ድመትም ትረግጠዋለች።»

«ድመቷ እሺ ትለኛለች። አንተ ነህ የማትለው።»

«ማሎ፣ እባክህ! እሺ አልኩ እኮ፤ አንድ ጣት!»

የኪቦርዱን ምት ሳንከፍት ተለማመድን። አማረልን።

የሰርጉ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ሚዜዎች እየጨፈሩ ገቡ፣ ምቱ ደመቀ። ልጄ በእናቷ ክንድ ላይ ሆና ብቅ ስትል የመጀመሪያውን ድምፅ መታሁ። ከሥሬ ግን አንድ ድምፅ አልመጣም፤ ሙሉ ኮርድ ወረደብኝ። ጣቴ በሄደበት ሁሉ ተጋጨሁ። የሸቤ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጓደኛዬ እጁን ወደ ድምፅ ማደባለቂያው ሰደደና የእኔን ጊታር ዘጋው። ከዚያ ራሱ በኪቦርዱ የክራር ድምፅ ትዝታውን ቀጠለ። እኔ ክሩን እመታለሁ፣ የሚሰማ የለም። ልጄ በፊቴ ስታልፍ የሚንቀሳቀሱትን ጣቶቼን አየች፤ እናቷ ሳብ አደረገቻት፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ። አለቀ።

ጊታሬን አንጠልጥዬ ገባሁ። በማግስቱ አወቱ መንደራ ቤቱ ሄድኩ።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰላምታም የለም እንዴ?» አለኝ።

«አፌን ዘግተህ ሰላም በለኝ ትላለህ?»

«አዳንኩህ እንጂ! ሰዎቹ ሲንሾካሾኩ አላየህም?»

«አንድ ጣት ብዬህ አልነበር?»

«ወላሂ አንድ ጣት ነው የነካሁት!»

«ኪቦርዱን አምጣው።»

አምጥቶ ሰካው፣ ምቱን ከፈተ፣ በንዴት አንድ ጣቱን አሳረፈ። ሙሉ ኮርድ ጮኸ። ጣቱን አየ፣ ኪቦርዱን አየ። ለጭፈራ እንዲቀለው ብሎ፣ ምቱ ሲከፈት ባንድ ጣት ሙሉ ኮርድ እንዲሞላ አድርጎት ኖሯል። ልምምዱ ያለ ምት ስለነበር አልታወቀንም።

«ያ አላህ!» አለና ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ በበረደልኝ ነበር። ማሽን ነው፣ ሰው ይረሳል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሁለት መዝጊያ እጁ ሥር ነበረ፤ አንዱ የማሽኑ፣ አንዱ የእኔ። እጁ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንጫወት» አልኩት፣ «ሁለት ድምፅ ሲጣላ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ በምን አወቅህ?»

መሬት መሬት እያየ «አርጅቷል ብዬ ነው። ጣቱ ከዳው ብዬ» አለኝ።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። የሰርጉ ቀን ጊታሬን ብቻ መስሎኝ ነበር የዘጋው፤ ለካ በልቡ ከዘጋኝ ቆይቷል። ልጄ ደግሞ ሁለተኛ ከዚያ በር ሙሽራ ሆና አትወጣም።

የመልሱ ዕለት ልጆቹ ከነሚዜዎቻቸው ቤታችን ተመለሱ። ጓደኛዬም ሳልጠራው ኪቦርዱን ተሸክሞ መጣ። ጭፈራው መሀል ልጄ አጠገቤ መጥታ «አባዬ፣ ያን ቀን ጣትህን አየሁ እንጂ ምንም አልሰማሁም። አሁን ተጫወትልኝ» አለች።

ጓደኛዬ ሰማ። ምቱን ቀጥ አደረገው። «ኧረ ምቱ! ምን ነካችሁ?» ብለው ሚዜዎቹ ጮኹ። እሱ ግን ግራ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት፣ በቀኙ አንድ ጣት መነሻውን ያዘልኝ።

አንቺሆዬን ጀመርኩ። ጣቴ አልከዳኝም። እንዳሰብኩት ወጣ፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ልጄ ሰሃን ይዛ ቆማ ታዳምጣለች። ባሏ አጎረሳት፣ አፏ ሞልቶ ሳቀች። ዜማው ሂጂ፣ አትሂጂ ይላል፤ እሷ ግን ሄዳ፣ ቤት ይዛ፣ እንግዳ ሆና መጥታለች። ለሳቋ የሚሆን ቅኝት ሌላ ነበር። ይሄኛው የደፉ ነበር።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ «ታረቅን?» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«ጣትህን እንዳታነሳ» አልኩት። ገና አልጨረስኩም ነበር።