የድርቤ የምሥራች

ድርቤና ዋጋሪ ልጅ አልወለዱም። «እነሱ የወለዱት ቅዳሜን ነው» ይሏቸው ነበር የሠፈሩ ሰዎች። ሳምንቱን ሙሉ እሷ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ፣ እሱ ጣውላ ሲልግ ይቆዩና ቅዳሜ ሲደርስ ተጣጥበው፣ ፀጉራቸውን ተቀብተው፣ ጎን ለጎን ወደ ነቀምቴ ገበያ ይወርዳሉ። አዲስ ዕቃ ሊገዙ እንዳይመስላችሁ! በንጉሡ ዘመን አዲስ ዕቃ ለባለ ርስትና ለባለ ደመወዝ ነበር። የነሱ ዓይን የሚያርፈው ሌላ ሰው በጠገበው ላይ ነው፤ ጆሮው በተሰበረ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ እግር በጎደለው በርጩማ፣ ከሁሉም በላይ ግን በልብስ ነጋዴው በሽኩር የሰልባጅ ክምር ላይ። ድርቤ ክምሩን እስከ ሥሩ ካልበረበረችው አይሆንላትም።

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ ተይ አንቺ ሴትዮ» ይላታል ዋጋሪ እየሳቀ።

ዋጋ ላይም የራሳቸው ቲያትር ነበራቸው። እሱ ተቆጥቶ ሊሄድ ይነሳል፣ እሷ እጅጌውን ይዛ ትለምነዋለች፣ ሽኩርም ሁሌ የሚያየው ነገር ቢሆንም እንዳላወቀ ሆኖ ይቀንስላቸዋል። ጉራጌው ሽኩር ደግ ነጋዴ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ግን ድርቤ ከክምሩ ሥር ወፍራም ካፖርት ስትስብ ሽኩር ክርክሩን ሳይጠብቅ ራሱ ዋጋውን ጣለው። «ኦቦ ዋጋሪ፣ አላህ ያያልና አልደብቅህም። ባለቤቱን ደዴሳ ቆላ ወባ ገድሎታል። ባልደረቦቹ መግነዣ ሊገዙለት ሸጡት። ስሙን አልጠየቅኋቸውም።»

ድርቤ እጇን ሰበሰበች። ዋጋሪ ግን ክረምት ከክረምት ሳል የማይለቀው ሰው ነው፤ «ሟችን ብርድ አይነካው» ብሎ ለበሰው። ልክክ አለለት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ርካሽነቱ ሁለቱንም ደስ አሰኝቷቸዋል። እየተሳሳቁ ቆሏቸውን ሊገዙ ወረዱ።

ቆሎ የሚገዙት ሁሌ ከወይዘሮ የሺአረግ ነው። ወይዘሮ የሺአረግ ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከጎጃም መጥተው፣ ባል ሞቶባቸው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ተክለጻድቅ። ከመስቀል ማግስት ወደ ቆላ ለሥራ እንደወረደ ድምፁ ጠፍቷል። ቆሎውን እየሰፈሩ «ከቆላ የመጣ ሰው አላያችሁም?» ሳይሉ የቀሩበት ቅዳሜ የለም።

«አካም ኦልተን፣ አዴ የሺአረግ?» ሲል ዋጋሪ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ አቀረበ።

ወይዘሮ የሺአረግ ጎንበስ ሲል የተገለበጠውን የካፖርቱን ኮሌታ ያዙ። ከኮሌታው ሥር በቀይ የብርድ ልብስ ቁራጭ ተጥፏል። «ይሄን የጣፍሁት እኔ ነኝ! የተክለ ነው! ከየት አመጣችሁት?»

ድርቤና ዋጋሪ ተያዩ። መርዶ መንገድ ላይ፣ በገበያ መሀል አይጣልም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጋፊ ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። ይህን ድርቤ ከልጅነቷ ታውቃለች። እንግዲያ ዝም ብትል ምን ነበረበት? እኒያን ዓይኖች እያየ ዝም የሚል አንጀት ግን አልተሰጣትም።

«ሸጦት ነው አዴ። ደህና ነው።»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«አየሁት» አለች ድርቤ።

«ምስር ብዪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ምስር ብዪ!» ወይዘሮ የሺአረግ እልልታቸውን ለቀቁት። ያለ የሌለ ቆሏቸውን በድርቤ ነጠላ ላይ ገለበጡት። ዋጋሪ ካፖርቱን አውልቆ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። እሳቸውም «ሲመጣ ይለብሰዋል» ብለው አጠፉት።

ባልና ሚስቱ ከዚያ በቀጥታ የሄዱት ወደ ሠፈሩ ሽማግሌ ወደ አቶ ባይሳ ቤት ነበር። አቶ ባይሳ ሰምተው ሲያበቁ ረጅም ጊዜ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የወይዘሮ የሺአረግ እህት ከኑኑ ቁምባ ትምጣ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነግራቸዋለን። እስከዚያ አፋችሁን ያዙ» አሉ። ድርቤ አየሁት ማለቷን አልነገረቻቸውም።

እሑድ ጧት ድርቤ ለጸሎት ቤት ስትለብስ ወይዘሮ የሺአረግ ደጃፏ ላይ ቆመዋል። አዲስ የሐር ጥላ ታቅፈዋል። የልጄን ደህንነት ካሰማሽኝ ብለው ለማርያም የተሳሉት ነው፤ የገዙት ያላቸውን አንድ የብር መስቀል ሸጠው ነው። «ያበሰርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከጎኔ ቁሚልኝ» አሏት።

«አዴ፣ እኔ እኮ የጸሎት ቤት ሰው ነኝ...»

«እግዜር አንድ ነው፤ ነይ!»

ድርቤ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ከጎናቸው ቆመች። በይ፣ ንገሪያቸው ይላታል ልቧ፤ የሽማግሌው ቃል ደግሞ ይይዛታል፤ ከዚያ ይልቅ ግን የያዛት ፍርሃት ነበር። ካህኑ ጥላውን ተቀብለው ሲዘረጉት ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ወይዘሮ የሺአረግ ዕንባቸው እየወረደ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ድርቤም አፏን ከፍታ እልል አለች።

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ዋጋሪ አጠገቧ ተቀምጦ ጀርባዋን ሲያሻት ዋለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ ከኑኑ ቁምባ የመጣችው እህትና ጎረቤቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። ወይዘሮ የሺአረግ በሩን ከፍተው አዩአቸው። በዚያ ሰዓት እንደዚያ የመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም አይስተውም። አቶ ባይሳ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲሉ እህትየው ተንደርድራ ወገባቸውን ያዘች። እሳቸው ግን አልጮኹም። ዓይናቸው ከፊት ወደ ፊት እየተሻገረ ድርቤ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አየሁት አላልሽኝም?»

ድርቤ መሬት መሬት አየች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አዴ።»

«ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «እልል አስባልሽኝ። አንቺም አብረሽኝ እልል አልሽ።»

ከዚያ ጮኹ። ግቢው በልቅሶ ተናወጠ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ ዋጋሪም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ። ድርቤ ብቻ በመሀላቸው ደርቃ ቆመች። ለዚያ ልጅ ማልቀስ የእሷ ድርሻ አልመሰላትም።