ከብት የላሰው ደሴት

በደርግ ዘመን አራት በቅሎዎቼ ከነጨው ጭነታቸው ፅላሪ ወንዝ ዳር ተወረሱ። የወረሰኝ የዚያው ቀበሌ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ሽማግሌ ይዤ ብለምነው፣ «የሕዝብ ንብረት ሆነዋል» አለኝ። ሕዝብ ማለት እሱ ነበር መሰል፣ ሰቆጣ ገበያ የሚወጣው በእኔው ግራጫ በቅሎ ተቀምጦ ነው። ነጋዴ ሲከፋው አይጮኽም፤ ገበያው እስኪዞር ይጠብቃል።

ገበያው የዞረው ከአዲስ አበባ አንድ የታሪክ አጥኚ የመጣ ጊዜ ነው። ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ቄስ ከደብራቸው ብራና አንብበውለት ኖሮ፣ የጨው መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ወደ እኔ ይዘውት መጡ። ብራናው እንደሚለው፣ ፅላሪ ለሁለት ተከፍሎ ያቀፈው ደሴት ነበር፤ ነጋዴ ሁሉ ጨው የሚያራግፈው እዚያ ነው፤ ከፊቱ ርግብ የሚሰፍርበት ገደል አለ። አጥኚው ገደሉን አግኝቶታል፣ ደሴቱን ግን አጣው። ምናልባት ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ይሆናል አለ።

እኔ ከገደሉ ሥር ያለውን አውቀዋለሁ፤ የሊቀመንበሩ ማሳ ነው። ከጀርባው ውሃ የጠፋበት አሸዋማ ቦይ አለ። ሰውየው ጠላ ሲቀምስ፣ ከብቶቹ የማሳውን ጥግ እንደ ማር እየላሱ አልነሳ እንደሚሉት ይኩራራ ነበር። ያን ጊዜ ስቄበት ነበር።

«አባ፣ ጨው የሚያራግፈው የሚለውን ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ። ከብት አፈር የሚልሰው ጨው ሲያገኝበት ነው።

በማግስቱ ወደ ማሳው ሄድን። ላሞቹ አፈሩን እየላሱ ቆመዋል። አጥኚው ቢያስቆፍር የድንጋይ ግንብ፣ ገል፣ ዶቃ ወጣ። ወዲያው ከአውራጃ ትእዛዝ መጣ፤ ቦታው ይታጠር፣ የሚያርሰውም ይልቀቅ ተባለ።

ሊቀመንበሩ ማሳው የአያቱ እንደሆነ ለአጥኚው ይምላል። ጠጋ ብዬ፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሕዝብ ንብረት ሆኗል እኮ» አልኩት።

የአጥሩን ድንጋይ ያመላለሱት የማኅበሩ በቅሎዎች፣ ማለትም የእኔ ናቸው። ግራጫዋ ጭነቷን እንደያዘች መጥታ አፍንጫዋን ኮት ኪሴ ውስጥ ከተተች፤ ድሮ ጨው የምይዝላት እዚያ ነበር። የዚያን ቀንም ይዤ ነበር። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ እስኪያይ ጠብቄ አላስኳት።