ቅጠል ይዤ ዝም ያልኩ ዕለት

«አፍሽ ለገበያ እንጂ ለትዳር አይሆንም።»

እንዲህ ያሉኝ እትዬ አስናቁ ናቸው፤ ላገባው ያሰብኩት ልጅ እናት። በሐሜት ሳይሆን ፊት ለፊቴ፣ ያውም ያቀረብኩላቸውን ውሃ እየጠጡ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ዳንግላ ላይ ነው። እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው ግን ይኸ ንግግር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ለምጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው ያልወጣልኝ።

ልጃቸው ደሳለኝ ባጃጅ ይነዳል። እኔና እሱ ከተስማማን ቆይተናል። ሽማግሌ እንዳይላክ የያዘን የእናቱ ፈቃድ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ታመው ከአልጋ ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ አልጋ ሆነዋል። የታዘዘላቸውን ክኒን «ሆዴን አቃጠለኝ» ብለው ተዉት። ትኩስ ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ ተያዘላቸው። ፌጦ ተለጠፈላቸው፤ ቆዳቸውን ላጠው እንጂ ሕመሙን አልነካውም። በቅቤም ታሹ፤ የተጠቀመችው እግራቸውን ስትልስ የዋለችው ድመት ናት።

እኔም አፌ ካስጠላኝ እጄ ያስወድደኝ ብዬ ተነሣሁ። አያቴ ግምጃ ቤት ከምትባል ከተማ አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሆን ቅጠል ያውቃሉ ይባላል። ሄጄ እሳቸው ዘንድ አደርኩ።

ጠዋት ቅጠሉ ካለበት ቁጥቋጦ ወሰዱኝ። ስሙ ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ስሙ ከታወቀ ምን ቀረው?» አሉኝ። ገና ሳይቆርጡት ሕጉን ነገሩኝ። ቅጠሉ ከተቆረጠ ጀምሮ በሽተኛው ጉልበት ላይ እስኪያርፍ ድረስ የያዘው ሰው ቃል አይወጣውም። ሰላም አይልም፤ ሰላም ቢሉትም አይመልስም። ከተናገረ ቅጠሉ ገለባ ነው።

«አንቺ ይኸን ትችያለሽ?» አሉኝ በአገውኛ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

«ምን ያቅተኛል፣ አያቴ?» አልኳቸው።

ቆረጡት፤ በኮባ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኩ።

በግምጃ ቤት በኩል እንጅባራ እስክደርስ ምንም አልከበደኝም። የአገሬው ሰው በማለዳ ቅጠል ይዞ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ካየ ነገሩ ይገባዋል። መንገድ ይለቅለታል እንጂ አያናግረውም። መከራዬ የጀመረው እንጅባራ ላይ የዳንግላ ሚኒባስ ስይዝ ነው።

«የት ነሽ?» አለኝ ረዳቱ። በእጄ ወደፊት አሳየሁት። «ዳንግላ?» ራሴን ነቀነቅሁ። «ድዳ ናት መሰለኝ» አለው ለሾፌሩ። ደግነቱ በመስኮት በኩል ጥሩ ቦታ ሰጠኝ።

አጠገቤ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጠርሙስ ታቅፈው ተቀመጡ።

«እንዴት አደርሽ፣ የኔ ልጅ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ?»

ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

«ደህና ነሽ ወይ?»

አሁንም ዝቅ።

«እማማ፣ አይድከሙ፤ አትሰማም» አላቸው ረዳቱ።

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምጽ! መልኩን ሰጥቶ አፉን ነሣት!»

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት የኑግ ዘይት ነው። ጉልበቷን ለታመመች እህታቸው ይዘው መሄዳቸውን ሲናገሩ መኪናው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዝንጅብል ይጨመርበት አለች። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ካልዋጡበት ከላይ ቢቀቡት ዋጋ የለውም አለች። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «ነጭ ጋዝ ጠብ ያድርጉበት፤ እኔን ያቆመኝ እሱ ነው» አለ። ነጭ ጋዝ ተቀብታ እግሯ እንደ ፊኛ ያበጠ ጎረቤት አለችን። ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያመመኝ ነገር የለም።

በዚህ መሀል ደሳለኝ ደወለ። ድምፁን ልስማ ብዬ አነሣሁት። «ሃሎ? ሃሎ? ኧረ ተናገሪ! ይኸ ኔትወርክ...»

«ድዳ ስልክ ታነሣለች እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ፎቶ ታይበት ይሆናል» አላቸው ረዳቱ።

ዳንግላ እንደወረድኩ በእግሬ እየሮጥኩ እነ ደሳለኝ ቤት ስገባ ባለጠርሙሷ ሴትዮ በባጃጅ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ለካ እህቴ ያሏቸው እትዬ አስናቁን ነው!

«ይቺ ድዳ ምን ልታደርግ መጣች?» አሉ ደንግጠው።

«የምን ድዳ?» አሉ እትዬ አስናቁ። «ያቺ ያልኩሽ ናት እኮ፣ ምላሰኛዋ!»

«እንዴ! ታዲያ ከእንጅባራ ጀምሮ ሰላም እያልኳት ነው እንዲያ ጥርቅም ያለችው? ንቃኝ ነዋ!»

ደሳለኝም «ምን ሆንሽ? ስልክም አንሥተሽ ዝም?» ይለኛል። እየሰደቡኝ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን አሞቅሁ። ይኸኔ እትዬ አስናቁ ኮባውን አዩት። እሳቸውም የገጠር ልጅ ናቸው።

«ተዉአት!» አሉ። «ቅጠል ይዛ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ጉልበታቸው ላይ አሳረፍኩ፤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩት። ሕጉ እዚያ ላይ አለቀ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ንቄዎት አይደለም» አልኳቸው ለእንግዳዋ። «ነጭ ጋዙን ግን እንዳይነኩት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ደግሞ ድዳ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም፤ ያሉትን ሁሉ ስሰማ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እትዬ አስናቁ ግን እግራቸውን ዘርጋ አድርገው «ሙቀቱ ገባኝ» አሉ። ከዚያ ሳቁልኝ። ለእኔ ሲስቁ ያን ቀን ገና አየሁ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉኝ። «አሁን እሳቱ ጋ ጎንበስ ቀና ስትዪ፣ ስንሰድብሽ እንኳ ቃል ሳይወጣሽ፣ ልቤ ወደደሽ። በዚህ አመልሽ እኖራለሁ ብለሽ ቃል ግቢልኝ። ሽማግሌው እሑድ ይላካል።»

«እውነት ነው» አሉ እንግዳዋ። «ዝም ስትል መልኳም ይበልጥ ያምራል።»

ወደ ደሳለኝ ዞርኩ። ፊቱ በርቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እሺ በያቸው እንጂ! ይኸን ሁሉ መንገድ ከቻልሽው ሌላው ምን ያቅትሻል?» አለኝ።

እየቀለደ እንደሆነ ዐይኑን አየሁት። አይቀልድም።

ነጠላዬን ከበርጩማው ላይ አነሣሁ።

«እትዬ፣ እስኪመሽ እንዳይፈቱት፤ ውሃም አያስነኩት» አልኳቸውና ወጣሁ።