ለአባቴ በፍም ላይ የዋለው ድስት

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በታሰረበት ዓመት፣ እኛ ቤት ወጥ የሚበስለው ቀኑን ሙሉ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ፍም ውስጥ ተቀብሮ የተውኩት ድስት ቀትር ላይ ስመለስ እዚያው ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ጉደር በኩል አዘቅዝቃ የጓሮው ባሕር ዛፎች ጥላቸውን በግድግዳችን ላይ ሲጥሉም እዚያው ነው።

የምንኖረው አምቦ ነበር። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር እንጂ የከተማው ሰው ያኔም የሚላት አምቦ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ እናቴ አስቴር ደግሞ የዚያው የአምቦ ልጅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት። አብዮቱ ሦስት ዓመት አልፎት ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ አባቴን ከሚያስተምርበት ክፍል አስወጥተው ወሰዱት። ጠመኔው እጁ ላይ እንዳለ ነበር አሉ። ያሰሩት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ ድሮ የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነበር፤ የሚያመጣለት የሌለው ደግሞ ከጎኑ የተኛው ያካፈለውን።

እናቴ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ስንቅ ታደርሳለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ መንገድ ላይ እጠብቃትና አብሬያት እሄዳለሁ። ችግሩ ሥጋው ነበር። በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ምሳ ዕቃውን ከፍተው በቀጭን እንጨት ያማስሉታል። የተደበቀ ወረቀት እየፈለግን ነው ይላሉ፤ ከእንጨቱ ጋር የሚወጣው ግን ሥጋ ነው። እኛ ሳንበላ የላክነው ሥጋ እዚያው ዓይናችን እያየ ተለቅሞ ያልቅና መረቁ ብቻ ይገባ ነበር። ከወር በኋላ አንድ ጎረቤት አባቴን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት ብላ መጣች። እናቴ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቃት፣ «አለ፣ አለ» ብላ ዓይኗን መለሰች።

ያን ዕለት ማታ ነው ኦቦ ዲንሳ የገቡት። ኦቦ ዲንሳ ከግቢያችን ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ወጣት ሳሉ የነቀምት መንገድ ሲሠራ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ነበሩ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ የእሳት ጠባሳ ነበረበት። ቆመው እናቴን ትንሽ አዩዋትና፣

«አዴ አስቴር፣ ሥጋውን ካላዩት አይወስዱትም» አሉ።

«እንዴት አድርጌ ልደብቀው ኦቦ ዲንሳ? እስከ ታች ድረስ ነው የሚያማስሉት።»

«መደበቅ አያስፈልግም። ይሟሟል።»

እንዴት እንደሚሟሟ በማግስቱ አሳዩን። አዳሩን የተዘፈዘፈ የአተር ክክ ከድስቱ ሥር ይደረጋል፤ በላዩ ቅልጥም፤ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በጥሬው፤ ከምንጭ የተቀዳ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ የአምቦ ውሃ እስከ አንገቱ ድረስ። ያ ውሃ ክክ ያፈርሳል ይሉ ነበር። ከዚያ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ እንዳይወጣ ብቻ አይደለም፣ የሥጋ ሽታ ሰፈር ውስጥ እንዳያሳብቅም ጭምር። እሳቱ የባሕር ዛፍ አይሆንም። «ባሕር ዛፍ ይጮሃል፤ ቶሎ ተናዶ ቶሎ ይሞታል» ይሉ ነበር። ኩበትና የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድደው ፍም ሲሆን ድስቱን መሀሉ ያስቀምጡና አመድ ያለብሱታል። ሲመሽ ሊጡን በቢላ ጫፍ ይሰብሩታል፤ የደረቀውን ሊጥ እኔና ወንድሜ እንቆረጥመዋለን። አጥንቱ ባዶውን ይወጣል። ሥጋውን ደግሞ በማማሰያ እየመቱ፣ እየመቱ፣ ክር እንኳ እስከማይታይ ድረስ ከክኩ ጋር ያዋህዱታል። ያ ወጥ ሲታይ የድሃ ክክ ነበር፤ ጉልበቱ ግን የበሬ ነበር።

እናቴ ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ተጨነቀች።

«በጾም ቀን ሳያውቅ ላስገድፈው ነው?»

«እስረኛና በሽተኛ አይጾምም» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

መጀመሪያ ይዘን የሄድን ቀን፣ ወፍራሙ ጠባቂ፣ ሁልጊዜ እንጨቱን የሚይዘው፣ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አማሰለ። እንደገና አማሰለ። «ክክ ብቻ? ድሃ ሆናችኋላ!» ብሎ አስገባው። እናቴ እጄን ይዛ መለሰችኝ። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አባቴ ከታሰረ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ድስቱን ብቻውን መተው አይቻልም ነበር፤ ፍሙ ሲከስም አመዱን ገልጦ ቆረቆንዳ የሚጨምር ሰው ይፈልጋል። እናቴ ከቢሮ ወደ ውይይት ክበብ መሄድ ግዴታዋ ስለነበር እስኪመሽ አትመጣም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን እኔና የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ሙሉጌታ ከኦቦ ዲንሳ ጋር በድስቱ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ እሳቸውም ተረት ይነግሩናል። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ከአመዱ ሥር ቀላ ያለው ፍም አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል።

ደጋግመን የምናስነግራቸው አንዱን ተረት ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድስት ጥዳ ሳለ አያ ጅቦ በሯን ገፍቶ ይገባል። «ርቦኛል፤ ልጆችሽን ልበላ ነው» ይላታል። «ልጆቼ ከሲታ ናቸው፤ ይኼ ድስት እስኪበስል ብትጠብቅ ትጠግባለህ» ትለዋለች። ጅቡ ምራቁን እየዋጠ ይቀመጣል። ጥቂት ይቆይና፣ ኦቦ ዲንሳ ድምፃቸውን አወፍረው፣

«በሰለ ወይ?»

እኔና ሙሉጌታ፣ «ገና ነው!»

«በሰለ ወይ?»

«ገና ነው!»

እንዲህ ሲባባሉ ይነጋል፤ ጅብ ብርሃን አይወድምና ጥሎ ይሮጣል። አንድ ቀን፣ «ማታ ተመልሶ ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አመዱን በእንጨት እያስተካከሉ፣ «ሌላ ድስት ትጥዳለች፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ኢንተላ ኮ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ልጄ ለማለት ነበር።

አባቴ ቤት ሳለ አንድ ልማድ ነበረው፤ ከበላ በኋላ የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልሎ ከሰሃኑ ጥግ ለሙሉጌታ ያስቀምጥለታል። ከታሰረም በኋላ አልተወውም። አዲሱን ምሳ ዕቃ ስናስገባ የትናንቱ ባዶው ይመለስልናል፤ ከጥጉ አንዲት ጉርሻ በእንጀራ ተጠቅልላ ተቀምጣ እናገኛለን። እናቴ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ እኔ ምሳ ዕቃውን ይዤ ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ ሙሉጌታ በደረቀ እንጀራ የተጠቀለለችውን ጉርሻ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላታል። ደብዳቤ አይፈቀድም ነበር። ደብዳቤያችን እሷ ነበረች።

ግንቦት ሲጋመስ አንድ ቀን ምሳ ዕቃው ተልሶ መጣ። ጉርሻ የለም፤ ወጡ የነካው ቦታ እንኳ አይታይም። ሙሉጌታ አለቀሰ። እናቴ ማታ ስትገባ ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ተመስገን! አሁን ገና የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተለት» አለች። በማግስቱም ተልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀንም። እናቴ በደስታ ወጡን ጨመረችለት።

ኦቦ ዲንሳ ምሳ ዕቃውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ጥጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና አስቀመጡት። ያን ቀን ተረቱን ጀመሩልንና ጅቡ «በሰለ ወይ?» የሚልበት ቦታ ሲደርሱ እኛ «ገና ነው!» ብለን ጮኽን። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅን። አልመጣም። ፍሙን እያዩ ቆዩና፣ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሂዱ ተጫወቱ» አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ ተረት አልነገሩንም። ድስቱን ግን በየጠዋቱ ይጥዱ ነበር፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ተጠንቅቀው፣ ሊጡን ሁለት ጊዜ እየመረጉ። ምን እንዳገኛቸው አልገባኝም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ ቀትር ላይ እናቴና እኔ ከበሩ ደረስን። ከዚያ በፊት በር ላይ ቆሞ ያላየነው አዲስ ጠባቂ ነበር፤ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ ካፖርቱ የሰፋው። ስም ዝርዝር የያዘ ደብተር ይዟል። እናቴ የአባቴን ስም ነገረችው። ገጹን በጣቱ ወረደው፤ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ይኼ ስም ተሰርዟል» አለ።

«ተዛወረ? ወዴት?»

«የተዛወረስ አጠገቡ ይጻፋል።» ልጁ ቀና ብሎ አያትና ደነገጠ። «ማንም አልነገራችሁም እንዴ? እኔ ስመጣም የተሰረዘ ነው፤ እኔ እንኳን ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴን ያዝኩ።»

ወፍራሙ ጠባቂ ከኋላ፣ «አንተ ማን ተናገር አለህ!» ብሎ ጮኸበት። ግን እንደ ልማዱ ምሳ ዕቃውን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። እናቴ ያንን እጅ አየችው። እሱም ማየቷን አየና ወደ ካፖርት ኪሱ ከተተው። ማን እንደበላው መጠየቅ አላስፈለገም። ወጡ ጥሞ ነበር፤ ስለጣማቸው ነው ዝም ያሉት።

ሙሉውን ምሳ ዕቃ ተሸክመን ተመለስን። እናቴ መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም፤ ያኔ «ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ» የሚባል ወንጀል ነበር። ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ ምሳ ዕቃውን ከኦቦ ዲንሳ እግር ሥር አስቀመጠችው። እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

«ማወቅስ አላውቅም። ጉርሻዋ ከቀረች ወዲህ ግን ልቤ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። «ከአፌ ካወጣሁት የምገድለው እኔ መስሎኝ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ... አዴ አስቴር፣ ድስቱን መጣድ መተው አቃተኝ።»

«ባሌን የገደሉትን ሰዎች በእጄ ቀለብኳቸው» አለች እናቴ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። «ተመስገን እያልኩ ቀለብኳቸው።»

ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴ በማግስቱ ቢሮዋ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ መግለጫ ስትተይብ ዋለች። ከሳምንት በኋላ ኦቦ ዲንሳ ዕቃቸውን በአንድ ጆንያ አስረው ጌዶ ወዳለችው እህታቸው ሄዱ። እናቴ አልሸኘቻቸውም። እኔና ሙሉጌታ እስከ መንገዱ ዳር ተከተልናቸው፤ አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየንም።

አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። ያ መንግሥት ሊወድቅ ተቃርቦ ሳለ፣ ከጌዶ የመጣ ሰው ኦቦ ዲንሳ አልጋ ላይ መዋላቸውን ነገረን። እናቴ ነጠላዋን ለበሰች፤ አብሬያት ተሳፈርኩ። ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር፤ በድምፅዋ ነው ያወቋት። ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ያኔ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ እየበላ ነው ብዬ እንቅልፍ እተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። ይህንን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላውቅም። እሳቸውም ያወቁ አልመሰለኝም፤ ብቻ እጇን አልለቀቁትም። እስከ መጨረሻው አውቶቡስ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።

እኔ ነርስ ሆንኩ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቁ ሰዎች የማይወደድ ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። ዶክተሮቹ ይልኩኛል፤ እኔም እምቢ አልልም። ሳላድበሰብስ፣ ቆሜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላሳደርኩም፤ ማሳደር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና። አንዳንዱ ይረግመኛል፣ አንዳንዱ ደረቴ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ከዋርዱ ወጥቼ ወደ እነሱ ስሄድ፣ ገና አላዩኝም፣ ምግብ የቋጠሩበትን ፌስታል እግራቸው መሀል አድርገው እርስ በርስ እያወሩ ነው፣ ያን ጊዜ እግሬ በራሱ ይዘገያል። ሽማግሌው ያኔ ለምን ዝም እንዳሉ የሚገባኝ በዚያች ጥቂት እርምጃ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ እደርሳለሁ፤ እናገራለሁ።