በምሳ ላይ የተሰጠ ቃል

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ቢሯችን አዲስ ለሚቀጥራቸው ወጣት መሐንዲሶች ስለ ሙያ ተጠያቂነት የማስተምረው እኔ ነኝ። ያላያችሁትን አየን አትበሉ፣ ቆማችሁ ምክር አትስጡ፣ የተነጋገራችሁትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉ እላቸዋለሁ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የጨረሱትን እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት እፈጅበታለሁ። ወጣቶቹ ሲያዛጉ አያለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

ዘንድሮ ከመካከላቸው ሊያ የምትባል እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ሲወጡ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቲ ትርሲት፣ ፋሚሊ ከሆነስ? አንክሌ ቤቱን እይልኝ ቢለኝ፣ መጀመሪያ ፔፐር ሳይን አድርግ ልለው ነው? ይቆጣል እኮ!»

«ይቆጣ» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺስ? እንደዚህ ዓይነት ነገር ገጥሞሽ ያውቃል? ላይክ፣ ፎር ሪል?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ጥያቄዋን ስትጨርስ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የአዲስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አምስት ኪሎ ምህንድስና ተምሬ የመጣሁ ነኝ። አንዲት ትንሽ ቢሮ ሥራ ሰጥታኝ፣ ለኦንታሪዮ የመሐንዲስነት ፈቃድ አመልክቼ መልስ እጠብቅ ነበር። አብረውኝ የተማሩ ወንዶች እዚህ ፓርኪንግ ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሥራው ላይ የሚያሳርፈው የራሴ ማኅተም ሊኖረኝ ነው። ሌሊት ስተኛ ስሜ በክቡ ማኅተም ዙሪያ ተጽፎ ይታየኝ ነበር። ከሰው መብለጥ ፈልጌ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ማሳመር አልፈልግም።

የመጀመሪያዬን የበረዶ ወራት ያሳለፍኩት ሬክስዴል፣ ጋሽ ዘለቀ ቤት ነው። ጋሽ ዘለቀ የኤርፖርት ታክሲ ይነዱ ነበር፣ በአማርኛው ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ልጅ አልነበራቸውም። አውቶቡስ መያዝ ያስተማሩኝ፣ የመጀመሪያውን ወፍራም ካፖርት ያለበሱኝ እነሱ ናቸው። ሥራ ስይዝ የቢሮዬን ካርድ ሰጠኋቸው፤ ጋሽ ዘለቀ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፈው ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የኛ ኢንጂነር!» እያሉ ያሳዩ ነበር።

አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ለምሳ ጠሩኝ። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ አውቶቡሱ ወለል ላይ የጨውና የአፈር ውሃ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስደርስ እትዬ ወርቅነሽ የበግ ወጥ ሠርተው፣ ጎመንና አይብ አቅርበው ጠበቁኝ። ገና ሳልቀመጥ ጋሽ ዘለቀ ወደ ቤዝመንት ይዘውኝ ወረዱ።

«የጸሎት ቡድኑ ሰው በዝቷል፣ ሳሎኑ አልበቃንም። ይችን ግድግዳ አንስተን ቤዝመንቱን አንድ ልናደርገው ነው። እስቲ እያት ልጄ፤ ብትነሳ ችግር አለው?»

ጣሪያው ያልተሸፈነው የማሞቂያው ክፍል ውስጥ ገብቼ ቀና አልኩ። የላዩን ወለል የተሸከመ ጥሩ የብረት አግዳሚ አለ። ብረቱ ወደ ግድግዳው አቅጣጫ ይሄድና ከቤዝመንቱ ጣሪያ በላይ ገብቶ ይሰወራል። ግድግዳውን አልፎ ይቀጥል ወይስ እዚያው ይቁም፣ የሚታወቀው ከጣሪያው አንድ ሳህን የምታህል ቀዳዳ ከፍቶ በማየት ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ አጠፋሁ ማለት አልችልም።

ጋሽ ዘለቀ ግን ጣሪያውን እያዩ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«ቀለሙን አየሽው? ራሴ ነኝ የቀባሁት፣ ይኸው አንገቴ እስኪጣመም!»

ቀለሙ ገና ይሸታል። ጎርሼ ያደግኩበት ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ እንዴት ብዬ ጣሪያዎትን ልብሳው ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ከላይ ደግሞ እትዬ ወርቅነሽ «ኧረ ወጡ ቀዘቀዘ!» እያሉ ይጣራሉ። ግድግዳውን በጣቴ አጥንት ኳ ኳ አደረግኩት። ሐኪም ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ መሐንዲስ ግድግዳ አንኳኩቶ የሚያውቀው ነገር የለም።

«እሷ አትሸከምም፣ ብረቱ ነው የሚሸከመው» አልኩ። «ትነሳ።» ከዚያ ደግሞ «ከፈለጉ ቢሮ ሆኜ በጽሑፍ ላድርግልዎት» አልኳቸው።

«በኔና በአንቺ መካከል ወረቀት?» ትከሻዬን አቅፈው ሳቁ። «ልጄ አይደለሽ እንዴ!»

ደስ አለኝ። ወረቀቱ ቢጻፍ አለቃዬ ያየው ነበር፣ ሲያየውም ጣሪያው ተከፍቶ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ወጥተን ምሳችንን በላን፣ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ጠጣን። አውሮፕላን በቤቱ አናት ላይ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንጫጩ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ብረቱ ግድግዳው ራስ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የላይኛው ወለል እንጨት ጫፍ ለጫፍ ተደራርቦ፣ በጥቂት ምስማር ተያይዞ፣ ያችው ግድግዳ ላይ ነበር የተኛው። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ግድግዳዋን ካነሱ በኋላ ምስማሮቹ ሦስት ሳምንት ታገሡ። በአራተኛው እሑድ፣ ቤዝመንቱ እስኪሰናዳ የጸሎት ቡድኑ ሳሎን ውስጥ ሊዘምር ብድግ ሲል ወለሉ ወረደ። ከላይ የነበሩት ተላልጠው ተረፉ። ጋሽ ዘለቀ ከታች ብቻቸውን ወንበር ይደረድሩ ነበር። ዳሌያቸው ተሰበረ።

እትዬ ወርቅነሽ እያለቀሱ ደወሉልኝ። ካፖርቴን ለበስኩ። ያንኑ እነሱ የገዙልኝን ካፖርት ነው። በሩን ከፍቼ ቆምኩና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መጀመሪያ ለአለቃዬ ልደውል አልኩ። «የትም እንዳትሄጂ» አለኝ። ካፖርቱን አወለቅኩ።

በማግስቱ የቢሮው ኢንሹራንስ ያቆመልን ጠበቃ ፊት ተቀመጥኩ። ትሑት ሰው ነበር። ሆስፒታል አትሂጂ፣ ስልክ አትደውይ፣ ይቅርታ የምትባል ቃል እንዳትወጣሽ፣ ይቅርታ ማለት አጥፍቻለሁ ማለት ነው አለኝ። በኛ አገር ሳያስበው እንኳ ሰው የጎዳ፣ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ በራፍ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የሚጀመረው። ይህን ለጠበቃው አልነገርኩትም። እሱም ምን እንዳልኩ አልጠየቀኝም። «አስተያየት መስጠትሽን ታስታውሻለሽ?» ብቻ አለ። ጥያቄው መውጫ በር ነበረው፤ እኔም በሩን አየሁት።

ጋሽ ዘለቀ ታክሲ መንዳት አልቻሉም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠበቃ አገኙላቸው፤ ጠበቃውም ፍሪጁ ላይ ያለውን ካርድ ማስረጃ ብሎ ወሰደው፣ እኔንና ቢሮዬን ከሰሰ። እሳቸውን ያሳመኗቸው «ከልጅቷ ምንም አይነካም፣ ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው» ብለው እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት በጠበቆቹ ፊት በመሐላ የምንጠየቅበት ቀን መሐል ከተማ፣ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ ተገናኘን። ኮሪደሩ ላይ በምርኩዝ ቆመው ነበር።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «ከስተሻል።»

ጠበቃዬ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ጫማዬን እያየሁ አለፍኩ።

ጠዋት የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቤታቸው ሄደሽ ነበር? አዎ፣ ለምሳ። ስለ ግድግዳው አስተያየት ሰጥተሽ ነበር? «አላስታውስም» አልኩ። አስተርጓሚዋ በሹክሹክታ ለጋሽ ዘለቀ ትተረጉምላቸው ነበር። ስትጨርስ አንገታቸውን ደፉ።

ከሰዓት ተራው የሳቸው ሆነ። እጃቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርገው ማሉ። ግድግዳው ይነሳ ብላ የነገረችዎት እሷ ናት? አላቸው ጠበቃዬ። ጋሽ ዘለቀ ሞኝ አልነበሩም። እውነቱን ከተናገሩ እኔ ጠዋት በሐሰት የማልኩ ልሆን ነው፣ ፈቃዱም እዚያው ላይ ያበቃለታል። ቀና ብለው አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ።

«አይደለችም» አሉ። «እሷ ምሳ ልትበላ ነው የመጣችው። ስለ ግድግዳ የተነጋገርነው የለም።»

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ደገመችው። አማርኛ የማይሰማ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አፌን ከፍቼ ውሸት ነው ማለት እችል ነበር። ጠበቃዬ ከጠረጴዛው ሥር አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ክሱ ፈረሰ። በበጋው ማኅተሜ በፖስታ መጣ። ሬክስዴል ግን አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ጠበቃው ስለከለከለኝ፣ ኋላ አፍሬ፣ ከዚያም እንዲያው ስለቆየ። ከዓመታት በኋላ በዚህ ክፍለ ሀገር ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም የሚል ሕግ ወጣ። እሱንም አስተምራለሁ። ጋሽ ዘለቀ በር ላይ ለመቆም ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አልነበረብኝም። ሕጉ ከወጣ በኋላም አልሄድኩም።

የሄድኩት ለሳቸው ለቅሶ ነው። ኅዳር ነበር፣ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። እግሬ ያን ወለል ሲረግጥ ፈራ። ፍሪጁ ላይ ማግኔቷ ብቻዋን አለች። እትዬ ወርቅነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያኔ በመሐላ በተጠየቀበት ሳምንት ሽምግልናውን ተወ። ጉባኤው ፊት ቆሞ በሐሰት ምያለሁ አለ፤ ምን እንደሆነ ቢጠይቁት አልተናገረም። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ ‹ትርሲት ትሆናለች፣ ክፈቺላት› ይለኝ ነበር።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል አፌን ስከፍት፣ ተነስተው ሄዱና ምግብ ይዘው ተመለሱ። ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ብዪ እንጂ» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «ምሳ ልትበዪ አይደል የመጣሽው?»

በላሁ። ሳህኑን ጨርሼ አመስግኜ ወጣሁ።

ሊያ አሁንም መልስ እየጠበቀች አጠገቤ ተቀምጣለች። የምትጠይቀኝ ስለ ሕጉ አልነበረም፤ ፊቷ ያስታውቃል። አጎቷ ጠርቷት መሆን አለበት፣ ምናልባት በዚህ ቅዳሜ፣ ምናልባትም ለምሳ። ጣሪያውን ሳታስከፍቺ አፍሽን አትክፈቺ አልኳት። ከተሳሳትሽም በዚያኑ ቀን ሂጂ፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ ሂጂ አልኳት። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ኦኬ፣ ግን አንቺን ገጥሞሽ ያውቃል?» አለች ደግማ።

ባለጉዳዩ ሞተዋል፣ ክሱ የለም፣ ጠበቃው ጡረታ ወጥቷል፤ እውነቱን ብነግራት ማንም የሚነካኝ አልነበረም።

«አላስታውስም» አልኳት።