ሳጥን ውስጥ የወለደች እፉኝት

እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። ሞጣ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ስትቆጣ በስሜ አትጠራኝም፤ «አንቺ የእፉኝት ልጅ!» ነበር የምትለኝ። በአገራችን እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው፣ እሷን ገድለው ይወጣሉ ይባላል። አባቴ እንዲህ ስሰደብ እየሰማ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» ብሏት አያውቅም። ፊቱን አዙሮ ወደ በረት ይሄዳል። እናቴን የገደልኳት እኔ መሆኔን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስረዳኝ አምኜ አደግሁ።

ከጓሯችን ጫፍ አንድ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ነበር። እባብ አለበት እየተባለ ማንም አይጠጋውም። እኔ ከአክስቴ የምሸሸግበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ከካቡ ራቅ ብላ ከበቀለች ወይራ ሥር እቀመጥ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እባቦቹ ፀሐይ ሊሞቁ ከየስንጥቁ ብቅ ይላሉ። አንዱ ወደተኛበት ድንጋይ ሌላው ሲመጣ ምላሱን እያወጣ እየመለሰ ያሸተዋል፤ ከዚያ ወይ አጠገቡ ይጋደማል፣ ወይ ሌላ ድንጋይ ይፈልጋል። ተናክሰው አላየሁም። ሲያሻቸው አብረው፣ ሲያሻቸው ለየብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የራሱ መውጫ ነበረው።

አንድ ዓመት፣ አደይ አበባ ሊረግፍ ሲል፣ ወፍራም እፉኝት ከድንጋዩ ሥር ተጋድማ አየሁ። ጣት የሚያካክሉ ልጆቿ ዙሪያዋን ይርመሰመሳሉ፤ አንዳንዶቹ ጀርባዋ ላይ ወጥተዋል። ሆዷ አልተቀደደም። ትተነፍሳለች። ልጆቹ ጥቂት ቀን አብረዋት ሰነበቱና አንድ በአንድ ወደ ሣሩ ተበተኑ። እሷም በነጋታው እዚያው ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። እየሮጥኩ ገብቼ «እፉኝቷ ወለደች! አልሞተችም!» ስል አክስቴ በጥፊ አጮለችኝ።

«ካቡ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?» አለች። ስለ እፉኝቷ አንድም ቃል አልወጣትም።

አድጌ መምህርት ሆንኩና ቢቸና ተመደብኩ። እዚያ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ የሳይንስ መምህር ነበር፤ እድሜው ከእኔ አይበልጥም። ብልህ ነው፣ ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም። ከክፍሎቹ ጀርባ ባለች ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ፊቱ መስታወት ክዳኑ የሽቦ ወንፊት የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠርቶ እባብ ማሳደግ ጀመረ። ከአውራጃው እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ስለነበር ለእነሱ የሚያሳየው ነገር ፈልጎ ነው። ገበሬዎች ከየማሳቸው ያገኟቸውን ሰባት እባቦች አመጡለት። ሰባቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው።

እባቦቹ አንድ ጥግ ላይ ተቆላልፈው ቀሩ። «አየሽ፣ እንዴት እንደሚዋደዱ!» አለኝ።

«መዋደድ አይደለም፣ መሸሸጊያ አጥተው ነው» አልኩት። «በሜዳ እንዲህ አይሆኑም። ለየብቻ አድርጋቸው፣ ድንጋይ አስገባላቸው፣ ፀሐይም ይያቸው።»

«አንቺ ደግሞ የእባብ ትምህርት የት ተማርሽ?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ መምህራንም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ካቡ ማውራት አፈርኩ።

ብዙዎቹ መብላት ተዉ። አንድ ቀን አይጥ ሲጥልላቸው ሁለቱ በራሷና በጅራቷ ያዟት፤ ትልቁ አይጧንም ትንሹንም እባብ አብሮ ዋጠ። መምህሩ ይህን የእባብ ጠባይ ነው ብሎ በደብተሩ ጻፈው። እኔ ግን እነዚያን ሁሉ ዓመታት ወይራዋ ሥር ስቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ገበሬ ከቆላው ያጠመዳትን እፉኝት በቅል አምጥቶ ሸጠለት። እርጉዝ መሆኗ ከርቀት ይታወቃል። ለብቻዋ ሳጥን ተሠራላት፤ ግን ያው ቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አፍንጫዋን ከሽቦው ጋር ስትፈትግ ትውላለች፤ በሦስተኛው ቀን ደማ፣ ከዚያም ቆሰለ። ልለምነው ሄድኩ።

«ቢያንስ ደጅ አውጣት። ሙቀት ትፈልጋለች።»

«እንግዶቹ ይምጡና አወጣታለሁ።»

እንግዶቹ ይመጣሉ ከተባለበት ቀን ሳምንት ዘገዩ። እሷ ፈተጋዋን ተወች፣ መንቀሳቀስም ተወች። እነሱ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ወለደች። የሚበዙት ሞተው ተወለዱ፤ አራቱ በሕይወት ነበሩ። እሷ ሌሊቱን አላለፈችም።

ለጉብኝቱ ወላጆችም ተጠርተው ስለነበር ለአባቴ መልእክት ልኬለት ነበር። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከሞጣ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ ነጭ ኩታውን ለብሶ መጣ። መምህርት መሆኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ለጃንሆይ ተዘመረ፣ ንግግሩ አለቀና ሰዉ ሳጥኖቹ ዘንድ ደረሰ። መምህሩ የሞተችውን እፉኝት በእንጨት አንስቶ አሳየ። አራቱን ግልገሎች አልኮል ባለበት ጠርሙስ ከቷቸው ነበር።

«አባቶቻችን ሲሉት የኖሩት ይኸው!» አለ። «ትናንት ወለደች፣ ዛሬ ሞታለች። ልጆቿ ገደሏት።»

ሰዉ በግርምት አጉረመረመ። አባቴን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። አፌ ቀደመኝ።

«ልጆቿ አልገደሏትም!» አልኩ። «ሆዷን እዩት፣ ምንም አልሆነም። የገደላት ብርዱና ሳጥኑ ነው። አውጣት ብዬ ለምኜው ነበር።»

ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ «መምህርቷ ለእባብ ጠበቃ ቆመዋል» አለ። ሳቅ ሆነ። ወደ ሌላው ክፍል ተሻገሩ። መምህሩ ተመሰገነ።

ከአባቴ ጋር ወደ ተከራየኋት ቤት ሄድን። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩለት፤ እጁን ታጥቦ ሳይቆርስ ቀረ።

«ያልሽውን በዓይንሽ አይተሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ አባባ። ሞጣ፣ ከጓሯችን ካብ ሥር።»

ያጠበውን እጁን በኩታው ጠረገ። ከዚያ እኔን ሳያይ ይናገር ጀመር።

«እናትሽ ሦስት ቀን አማጠች። በሁለተኛው ቀን ጎረቤቶች አልጋ ይዘው መጡ። ያኔ አንድ ድሬሰር የሚሉት ሐኪም ከተማው ገብቶ ነበር፤ ተሸክመን እናድርሳት አሉ። በሩ ላይ ቆሜ መለስኳቸው። ባዕድ ወንድ ገላዋን አያይም አልኩ። እሷ ከውስጥ ትሰማለች። ውሰዱኝ፣ ውሰዱኝ ትል ነበር።»

«አክስቴ ታውቃለች?»

«አብራኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ስትሰድበኝ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ብዬ ልናገር ልጄ? አንቺ አይደለሽም ካልኩ፣ ታዲያ ማን ነው መባሉ ይቀራል?»

የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እንባ አልመጣም። አባቴ ጎንበስ ብሎ «ይቅር በይኝ» አለኝ። አባት ልጁን እንዲህ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን የመለስኩለት «ምሳው ቀዘቀዘ፣ ይብሉ» የሚል ብቻ ነበር።

በማግስቱ በቅሎውን ሲጭን ተማሪዎች ይጠብቁኛል ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ነበር፤ ትምህርት እንደሌለ እሱም ያውቃል። አልሸኘሁትም።

ዝውውር ጠይቄ ከቢቸና ሄድኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ነይ ብሎኝ ነበር፤ በሥራ አሳበብኩ። ሦስተኛው መልእክት የመርዶ ነበር። ሞጣ ሄጄ ቀበርኩት። ከቀብሩ በኋላ የእናቴን መቃብር አሳዩኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎቹን ጠየቅኋቸው። አንዱ በጥዱ በኩል ነው አለ፣ ሌላው በቤተልሔሙ በኩል። አክስቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በእጅ ተመርታ መጣችና «ምልክት አልተደረገበትም፤ የሚያውቀው አባትሽ ብቻ ነበር» አለችኝ።

እዚያ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቅዳሜ ጠዋት አንገበገበኝ። መልኳ ምን ይመስል እንደነበር፣ ድምፅዋ እንዴት እንደነበር፣ የት እንደተቀበረች የሚነግረኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ደጄ ላይ በቅሎውን ሲጭን ጥዬው ሄድኩ። ከጥዱ ሥር ጥቂት፣ ከቤተልሔሙ አጠገብ ጥቂት ቆምኩና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።